ፕሪሚየም ታክስ ክሬዲት ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ ከ65 ዓመት በፊት ጡረታ ለሚወጡ

አሜሪካ ውስጥ ለአብዛኛው ሰው ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚጀምረው በ65 ዓመት ነው። በ60 ዓመቱ ሥራ ያቆመ ሰው አምስቱን ዓመት እንዴት ይሻገር? የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ በኮብራ (ሥራ ከለቀቁ በኋላ ኢንሹራንሱን ለማቆየት በሚፈቅደው ሕግ) አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ማቆየት ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው ይከፍልለት የነበረውንም ድርሻ ጨምሮ እስከ 102 በመቶ ከኪሱ ያወጣል። ስለዚህ ብዙዎች ሰው በግሉ የጤና ኢንሹራንስ ወደሚገዛበት ወደ ኦባማኬር ማርኬትፕሌስ ይሄዳሉ። እዚያም ቢሆን ዕድሜ ዋጋ ያስወድዳል፤ የፌዴራል ሕጉ የ64 ዓመት ሰው የ21 ዓመት ወጣት ከሚከፍለው እስከ ሦስት እጥፍ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል።

ይህን ሸክም የሚያቀልለው ፕሪሚየም ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ለፕሪሚየም (ለኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ) የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ነው። በአካባቢዎ ካሉት የሲልቨር (መካከለኛ ደረጃ) ፕላኖች በርካሽነት ሁለተኛው እንደ መነሻ ፕላን ይወሰድና፣ ሕጉ ከገቢዎ ላይ እንዲከፍሉ የሚጠብቅብዎ መጠን ይቀነስለታል። ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ከፈለጉም በየወሩ በቀጥታ ለኩባንያው ይከፈልልዎታል።

እዚህ ላይ የሚታየው ገቢ እንጂ ሀብት አይደለም። የጡረተኛን በጀት ከደመወዝተኛ በጀት የሚለየውም ይኸው ነው፦ ጡረተኛ ከየትኛው አካውንት ገንዘብ እንደሚያወጣ ራሱ ይወስናል። ከተለመደው የጡረታ ቁጠባ አካውንት፣ ከ401ኬ ወይም ከአይአርኤ፣ 40,000 ዶላር ቢያወጡ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ገቢ ነው። ደንቡን አሟልቶ ከሮት አይአርኤ (ታክሱ አስቀድሞ ከተከፈለበት የጡረታ አካውንት) የወጣ ገንዘብ ግን አይቆጠርም። ከባንክ ቁጠባ ሲያወጡ ወለዱ ብቻ፣ አክሲዮን ሲሸጡ ትርፉ ብቻ ይደመራል። ሶሻል ሴኩሪቲን (የመንግሥት ጡረታን) በ62 የጀመረ ሰው ይጠንቀቅ፤ ታክስ የማይከፈልበት ክፍል ሳይቀር ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ገቢው ከፍ ያለ ሰውም ድጋፍ ያገኝ ነበር። ያ ጊዜያዊ ድንጋጌ አብቅቶ በ2026 የቀድሞው የገቢ ገደብ ተመልሷል፤ ከእሱ በላይ ድጋፍ የለም፤ ገደቡም የፌዴራል የድህነት ወለል 400 በመቶ ነው። ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር ለብቸኛ ሰው 62,600፣ ለባልና ሚስት 84,600 ዶላር ይሆናል።

ብቻዋን የምትኖር የ60 ዓመት ሴት እንውሰድ። የአካባቢዋ መነሻ ፕላን በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ዶላር ነው እንበል። ገቢዋ 62,000 ከሆነ የሚጠበቅባት 9.96 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 6,175 ዶላር ገደማ ነው። ገቢዋ 62,700 ቢሆን ግን 14,400ውን በሙሉ ትከፍላለች። በ700 ዶላር ምክንያት ከ8,000 ዶላር በላይ ታጣለች! ለእኔ በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለም፤ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ደግሞ ያሳዝናል።

ክሬዲቱ የሚሰጠው በግምት ስለሆነ ታክስ ሲያስገቡ ይወራረዳል። ከ2026 ጀምሮ በትርፍ የተወሰደ ገንዘብ ያለ ጣሪያ በሙሉ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ሰውን ሳያስበው ከገደቡ በላይ የሚያወጣው፣ ሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ ኢንቨስት የሚያደርግ ፈንድ) በዲሴምበር የሚያከፋፍለው ትርፍ ነው፤ መልሰው ኢንቨስት ቢያደርጉትም ገቢ ነው። ገቢው በጣም ዝቅ ማለቱም ችግር አለው፤ እንደየስቴቱ ወደ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ሊያዞር ወይም ጭራሽ ያለ ድጋፍ ሊያስቀር ይችላል።

በጀት ሲያወጡ ከፕሪሚየሙ ጎን ሕመም ቢመጣ የሚከፈለውንም ይያዙ። በ2026 ለአንድ ሰው የዓመቱ የኪስ ወጪ ጣሪያ፣ በኔትዎርክ ውስጥ ለተሸፈነ ሕክምና፣ እስከ 10,600 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ይህን ያህል ጥሪት ያለው ሰው ብሮንዝ ፕላንን (ፕሪሚየሙ ዝቅ፣ የኪስ ወጪው ከፍ የሚለውን) ማሰብ ይችላል፤ ምክንያቱም ከ2026 ጀምሮ የማርኬትፕሌስ ብሮንዝ ፕላኖች ኤችኤስኤ (ለሕክምና ወጪ የሚሆን የቁጠባ አካውንት) ለመክፈት ያስችላሉ። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ፕላን የቆየ፣ ዕድሜው ከ55 ያላነሰ ብቸኛ ሰው ለ2026 እስከ 5,400 ዶላር ማስገባት ይችላል፤ ያስገባው ገንዘብ ክሬዲቱ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ይቀነስለታል። ቀነ ገደቡ የሚቀጥለው ዓመት የታክስ ማስገቢያ ቀን ስለሆነ፣ በዲሴምበር ገደቡን በጥቂቱ ያለፈ ሰው እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ማስተካከያ ጊዜ አለው።