ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ችግርን ቶሎ መለየት በጎጃም

በጎጃም ገጠር ሰው ሆዱ ተነፍቶ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ብሎት በቃሬዛ ሲመጣ፣ ሐኪሞች ቶሎ ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። አንጀቱ ተጠምዝዞ ደም አጥቶ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ የቀሩት ጫፎች ተገጣጥመው ይሰፋሉ፤ ካልተቻለም በሆድ በኩል የሰገራ መውጫ ይሠራል፣ ኮሎስቶሚ የሚባለው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ ደብረ ማርቆስም እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ስጋት የተሰፋው አንጀት እንዳያፈስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስሰው ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ነው። ይዘቱ ሆድ ውስጥ ሲፈስ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ይገባል፤ ያኔ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ብዙ ሰው ትኩሳት ይጠብቃል። ትኩሳት ግን ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው በልብ ምት ነው። የተኛ ሰው በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሽንቱ ሲያንስ፣ ሲቃዥ፣ ወይም ተሽሎት የነበረው ሆድ እንደገና ሲነፋ ነገሩ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። በደም ምርመራም ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው፣ ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን፣ በ2ኛው ቀን ገደማ ጫፍ ደርሶ መውረድ አለበት። በ4ኛው ቀን በሊትር ከ150 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ሐኪሙ ይጠረጥራል። ሲቲ ስካን ባለበት ይነሣል። እንዲህም ሆኖ ምርመራው ሁሉንም አይነግርም፤ ሕመምተኛው ጠዋትና ማታ እየተዳሰሰ መታየቱ አይተካም።

እዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ዙር ሲመጣ «አየር ወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። አባወራው በልጆቹ ፊት ያፍራል። «እንዴት አደሩ አባ?» ሲባልም መልሱ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው፣ ሆዱ እንደ እንጨት ደርቆ እንኳ። እውነቱን የሚያውቀው አጠገቡ ያደረው አስታማሚ ነው። ትናንት አጥሚቱን ጨርሶ ዛሬ አንድ ጉንጭ እንቢ ያለው ጾም ይዞ ነው፣ ወይስ አስጠልቶት? ይህን ለነርሷ መንገር ትልቅ ምርመራ ነው። እኔ እንደማምነው በዎርዱ ውስጥ በጣም የሚባክነው መረጃ ይህ ነው።

ኮሎስቶሚ ያለው ሰው መውጫው ቀይ ወይም ሮዝ መሆን አለበት። ከጠቆረ ወዲያው ሐኪም ይጠራ።

ቤት ከገቡ በኋላም የቁስል ኢንፌክሽን እስከ 30 ቀን ሊመጣ ይችላል። መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመምና መቅላት ምልክቶቹ ናቸው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከስፌቱ የሚወጣ ሮዝ ውኃ ፋሻውን በድንገት ካረጠበ፣ የሆድ ግድግዳ እየተከፈተ ሊሆን ይችላል። አንጀት ከወጣ በእጅ አይመለስም። በጨው ውኃ (ሴላይን) በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ምንም ሳያበሉና ሳያጠጡ፣ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።