ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

አንዷ የሸረሪት ድር በትንፋሽ ትበጠሳለች፤ አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን አንበሳን ጠፍረው ይይዛሉ ነው ነገሩ። ድር የሸማኔም ቃል ነው፤ ማግ የሚገባበት የተወጠረ ክር ድር ይባላል። በየትኛውም ቢታይ ክሩ ለብቻው ደካማ ነው።

ብዙ ሰው አባባሉን ስለ ብዛት ይጠቅሰዋል። እኔ የምይዘው ግን ግሱን ነው። «ቢበዛ» አላለም፤ «ቢያብር» ነው ያለው። ማበር መግጠም ነው፣ «ግብረ አበር» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው። ልዩነቱን አጥርቶ ያሳየኝ ወጥ በሆነ፣ ማለትም ብርታቱና አቅጣጫው በየቦታው አንድ በሆነ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የተቀመጠ የመዳብ ኳስ ነው።

በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መዳብ ውስጥ 8.5 × 10²² ያህል ነጻ (ከአቶም ወደ አቶም የሚዘዋወሩ) ኤሌክትሮኖች አሉ። መስኩ ሳይመጣም ነበሩ፤ በብዛታቸው ብቻ ያስቆሙት ነገር የለም። መስኩ ሲመጣ ግን ወደ አንዱ ጎን ይሳባሉ፤ ያ ጎን ኔጋቲቭ፣ ተቃራኒው ፖዘቲቭ ይሆናል። በገጹ ላይ የተደረደረው ቻርጅ የሚፈጥረው መስክ ከውጭ የመጣውን በኳሱ ውስጥ ልክ በልኩ ይሽረዋል። ከመሃል እስከ ገጹ ፖቴንሻሉ፣ ማለትም በቮልት የሚለካው የኤሌክትሪክ ከፍታ፣ አንድ ይሆናል።

ለዚህ ስንት ኤሌክትሮን በቃ? መስኩ በሜትር 100 ቮልት ቢሆን፣ ቻርጁ እጅግ በሚጠራቀምበት ጫፍ እንኳ ለአንድ ቢሊዮን ያህል የገጽ አቶሞች የሚደርሰው አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ነው። ይህን ባሰላሁት ቁጥር እደነቃለሁ። ሥራው ያለው አደራደሩ ላይ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ወፈር ብሎ፣ በኮሳይን ልክ እየሳሳ ሄዶ ወገቡ ላይ ዜሮ ይሆናል። ያው ቻርጅ በሌላ መልክ ቢበተን የኳሱ ውስጥ አይረጋም።

«ያስር» የሚለውም አይታለፍ፤ አንበሳው፣ ማለትም መስኩ፣ ታሰረ እንጂ አልሞተም። ከኳሱ ውጭ፣ ቀድሞ ዝርግ የነበሩት የእኩል ፖቴንሻል ገጾች ኳሱን ለመዞር ይጎብጣሉ፤ ጫፎቹ አጠገብ ይጠጋጋሉ፤ በተጠጋጉበትም መስኩ ይበረታል። ስለዚህ ኳሱ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ጫፎቹ ላይ መስኩ 3 እጥፍ ነው። ከመሃሉ የራዲየሱን 10 እጥፍ ርቀን በጫፎቹ አቅጣጫ ብንለካ ግን ጭማሪው 0.2 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስክ በሜትር 1 ሚሊዮን ቮልት ከሆነ ጫፎቹ ላይ 3 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ይህን ደግሞ አየር አይችለውም፣ ብልጭታው ከዚያ ይነሣል።