ዌብ ሰርቨርን ማፍጠን

ዌብ ሰርቨር ብሮውዘር የጠየቀውን ገጽ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ማፍጠን ሲባል ሁለት ነገር ነው፦ አንዱን ገጽ ቶሎ ማድረስ፣ ሕዝብ በአንዴ ሲግተለተል ደግሞ አለመውደቅ። ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳው ሁለተኛው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ዌብ ሰርቨር ቲም በርነርስ ሊ በ1990 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሠራ። አፓቺ የተባለው ዌብ ሰርቨር በ1995 መጣና በዓመቱ ገበያውን ያዘው።

አፓቺ በጥንቱ አሠራሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ) ይመድባል። የደንበኛው ኔትወርክ ቀርፋፋ ከሆነ ፕሮሰሱም አብሮት ይጎለታል። ካልቀየሩት የፕሮሰሶቹ ጣሪያ 256 ነው። ፒኤችፒን (ገጽ የሚያዘጋጅ የፕሮግራም ቋንቋ) የተሸከመ አንድ ፕሮሰስ 30 ሜጋባይት ሜሞሪ ቢፈጅ በጠቅላላው 7.5 ጊጋባይት ግድም ይሆናል። ማሽኑ ያለው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ከሆነ የተረፈው ወደ ቀርፋፋው ዲስክ ይገለበጣል፤ ያኔ አለቀ። ብዙ ሰው ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ይህን ቁጥር ይጨምራል። መድኃኒቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ ነው።

በ1999 ዳን ኬግል አንድ ማሽን 10,000 ደንበኛ በአንዴ የሚያስተናግድበትን መንገድ ጽሑፍ አድርጎ አወጣ። ለዚህ ጥያቄ ጥሩውን መልስ የሰጠው ኢጎር ሲሶዬቭ ነው። ራምብለር በተባለ የሩሲያ ድርጅት ሲሠራ በ2002 ኤንጂንኤክስ የተባለውን ዌብ ሰርቨር ጀመረ፤ በጥቅምት 2004 ለሕዝብ ለቀቀው። አሠራሩ የሰፈር ባለሱቅ ነው። አንዱ ልጅ ሳንቲሙን ሲቆጥር ለሌላው ዳቦ ያቀብላል፤ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ሊኑክስ ላይ ይህን ያስቻለው ኢፖል ነው፤ የትኛው ግንኙነት ሥራ እንዳለው ለይቶ ይነግረዋል። ስለዚህ ጥቂት ፕሮሰሶች ሺዎችን ያስተናግዳሉ።

ኤፍ 5 የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የኤንጂንኤክስን ድርጅት በ2019 በ670 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያው ዓመት ራምብለር «ኮዱ የእኔ ነው» አለና ፖሊስ የሞስኮውን ቢሮ ፈተሸ።

አፓቺም ዝም አላለም፤ በ2012 በወጣው 2.4 እትሙ ተመሳሳይ አሠራር አስገብቷል። ልዩነቱ ጠቧል የሚሉ አሉ፤ ለተራ የፒኤችፒ ሳይት ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ምስልና የመሳሰለውን ፋይል ለማቅረብ ግን እኔ ከኤንጂንኤክስ አልወርድም።

ለአማርኛ ሳይት ጂዚፕ (ገጹን ጨምቆ የሚልክ ዘዴ) ግዴታ ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 ግን 9 ባይት ይይዛል። የሦስቱም ፊደላት የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች አንድ ናቸው። ጂዚፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ነፍሱ ነው። ኤንጂንኤክስ ላይ ሲጫን ጠፍቶ ይመጣል፤ ሲበራም ካልነገሩት የሚጨምቀው ኤችቲኤምኤልን ብቻ ነው። የመጭመቂያ ደረጃውን እስከ 9 ማውጣት ትርፉ ሲፒዩ ማድከም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ገጹ ከዘገየ ጥፋቱ ከዳታቤዙ ሊሆን ይችላል። ዋና ገጹን ለ1 ሰከንድ ብቻ ካሽ ማድረግ (የተዘጋጀውን ቅጂ ይዞ ለሁሉም ማቅረብ) በቂ ነው። በሰከንድ 200 ሰው ቢመጣ ዳታቤዙ የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ይሆናል። ሎግ ኢን ያደረጉትን ግን ከካሹ ማውጣት ነው፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን አካውንት ከፍቶ ያገኘዋል።