ኒኬል ምንድን ነው?
ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎካችን ሥር አንድ ቆራሌ ቆመ። ትከሻው ላይ ማዳበሪያ፣ እጁ ላይ በክር የታሰረች ማግኔት። ያረጀ ድስታችንን ይዤለት ወረድኩ። ማግኔቷን ጎኑ ላይ አስጠጋት፤ አልያዘችም። ገልብጦ ቂጡን ሞከረው፤ ጥብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እስቴንለስ ነው ብረት?»

እሱን ግራ ያጋባው ኒኬል ነው።

ኒኬል ብርማ መልክ ያለው፣ ጠንካራ፣ በቀላሉ የማይዝግ ማዕድን ነው። የሚቀልጠው በ1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብቻውን ግን እምብዛም አታገኙትም። ወይ ከሌላ ጋር ይቀላቀላል፣ ወይ ሌላውን ይለብጣል። ቧንቧችሁ ላይ ከሚያብረቀርቀው ክሮም ሥር ብዙ ጊዜ እሱ አለ። ከሁሉ በላይ የሚገባው ግን እስቴንለስ ውስጥ ነው። ድስት ላይ «18/10» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ከመቶው 18ቱ ክሮሚየም፣ 10ሩ ኒኬል ነው ማለት ነው። ዝገቱን በዋናነት የሚከላከለው ክሮሚየሙ ነው። ኒኬሉ ደግሞ የብረቱን የውስጥ አደራደር ይቀይረዋል፤ ያኔ ማግኔት አይስበውም። የድስታችን ጎን እንዲህ ነው። ቂጡ ላይ ግን ኢንዳክሽን ምድጃ እንዲያሞቀው ማግኔት የሚስበው ሌላ ብረት ተጨምሮበታል።

የሚገርመው፣ ኒኬልን ራሱን ማግኔት ይስበዋል። ይህን ለማየት ሳንቲም ይሻላል። ቤት አሮጌ ሳንቲም የሞላበት የወተት ጣሳ አለን። በ1923 ዓ.ም. የወጣው፣ የጃንሆይ መልክ ያለበት «50 መቶኛ» የሚባለው ሳንቲም ከኒኬል የተሠራ ነው፤ ማግኔት ሲጠጋው ዘሎ ይለጠፋል። የ1969ኙ 50 ሳንቲም ግን ማግኔት አይይዘውም። መዳብ ስላለበት ነው። መዳቡ ታዲያ ቀይ ቀለሙ የት ገባ? ኒኬሉ አጠፋዋ! አሜሪካኖች «ኒኬል» እያሉ የሚጠሩት 5 ሳንቲማቸው እንኳ ሦስት አራተኛው መዳብ ነው፤ ሩቡ ኒኬል ብቻ ነጭ አድርጎታል። ከጣሳው ያወጣሁት ኋላ የተሠራ 50 ሳንቲም ደግሞ እንደገና ተለጠፈ። እሱ ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ የተለበጠ።

ስሙ ስድብ ነው። የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች መዳብ የሚመስል ቀላ ያለ ድንጋይ ያገኙና ቢያቀልጡት፣ ቢያቀልጡት መዳብ አልወጣው ይላል። በዚያ ላይ አርሴኒክ ስላለበት ጭሱ ያሳምማቸዋል። ጂኒ አለበት ብለው «ኩፕፈርኒክል» አሉት፣ የጂኒ መዳብ እንደማለት። በ1751 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው አክሴል ክሮንስቴት ከተመሳሳይ ድንጋይ አዲስ ማዕድን ለየ፤ ከስሙ ግን «ኩፕፈር»ን ጥሎ «ኒክል»ን አስቀረለት።

ጂኒው ዛሬም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። አርት ጉትቻ ስታደርግ ጆሮዋ የሚያሳክካት፣ የጂንስ ቁልፍ እምብርቱ ሥር ሽፍ የሚያደርግበት ሰው አታውቁም? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኒኬል ነው። ላብ ትንሽ ትንሹን ያሟሟዋል፣ ቆዳ ይቆጣል።

ቆራሌው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። ድስቱን አንዴ በጎኑ፣ አንዴ በቂጡ አገላብጦ አየው።

«እሺ ጋሼ፣» አለ፣ «በብረት ዋጋ ልውሰደው?»