ባሕርየ እግዚአብሔርን ማዕከል ያደረገ ሥርዓተ ትምህርት፦ ከፊደል ገበታ እስከ ጉባኤ ቤት

ተማሪው የሚማረው ሁሉ፣ ፊደሉም ዜማውም ትርጓሜውም፣ «እግዚአብሔር ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እየጨመረለት እንዲሄድ የተሰናዳ ትምህርት ባሕርየ እግዚአብሔርን ማዕከል ያደረገ ሥርዓተ ትምህርት ይባላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ይህ አደረጃጀት ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ይሁን እንጂ «ባሕርየ እግዚአብሔር» የሚባል ለብቻው የቆመ ክፍለ ጊዜ የለውም። ትምህርቱ መጀመሪያ በአፍ ይገባል፣ ከዚያ በዜማ ይጸናል፣ በመጨረሻ ይተረጎማል። ዛሬ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለአጥቢያ የሕፃናት ክፍል መርሐ ግብር የሚያዘጋጁ ብዙዎች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ከትርጓሜው ይጀምራሉ። ሕፃኑ ገና ያላመሰገነውን አምላክ እንዲያብራራ ይጠየቃል።

ከቃሉ መነሣት ያስፈልጋል። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ባሕርይ» ሲባል ሰው የሚረዳው ጠባይን ነው፤ «የልጁ ባሕርይ ተለወጠ» ይባላል። በነገረ መለኮት ግን ባሕርይ ማለት ምንነት፣ ህላዌ ነው፤ የሚጨመርበትና የሚቀነስለት ነገር የለም። በግእዝ ይኸው ቃል ዕንቍ ማለትም ይሆናል። መምህሩ ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ካላስረዳ ሕፃኑ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» ሲባል እንደ ሰው አንዳንድ ቀን የሚራራ፣ አንዳንድ ቀን የሚቆጣ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን በኋላ ማረም ከባድ ነው።

የፊደል ገበታው

ንባብ ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያ ሀ ሁ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን ይቆጥርና የዮሐንስን መልእክት ፊደል በፊደል እየለየ ያነባል። ከዚህ ጋር የፊደላቱ ትርጓሜ በቃል ይሰጣል፤ ባሕርየ እግዚአብሔር በልጁ አፍ የሚገባውም ከዚህ ነው። ሀ የአብ አኗኗሩ ከዓለም በፊት መሆኑን ያስተምራል። «ኀ ብሂል ኃያል እግዚአብሔር»፣ «ከ ብሂል ከሃሊ እግዚአብሔር»፣ «ፈ ብሂል ፈጠረ ሰማየ ወምድረ» እየተባለ 26ቱ የግእዝ ፊደላት ይዘለቃሉ። ዘላለማዊነት፣ ኃያልነት፣ ሁሉን ቻይነት፣ ፈጣሪነት ለአምስት ዓመት ልጅ በማብራሪያ ቢሰጡት አይገቡትም። በሚቆጥረው ፊደል ላይ ሲንጠለጠሉለት ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳቸውም።

የኔታ ሞክሼ ፊደላትን (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላትን) አጥብቀው የሚቆጣጠሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። በሐመሩ ሐ የተጻፈው «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው፤ በሃሌታው ሀ የተጻፈው «መሀረ» ደግሞ አስተማረ ማለት ነው። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ወጣ፣ ተወለደ ይሆናል፤ በእሳቱ ሰ ግን «ሰረቀ» ሌባ የሠራው ሥራ ነው። ስለ ክርስቶስ ልደት የሚናገር ጥቅስ በተሳሳተው ሰ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ የሚያውቅ ሰው አንገቱን ይደፋል። በኮምፒዩተር የሚዘጋጁ የሕፃናት መጻሕፍት ላይ ይህ ስሕተት በዝቷል። ከኅትመት በፊት ግእዝ የተማረ አንድ አንባቢ ሞክሼዎቹን ብቻ ለይቶ ቢያያቸው አብዛኛው ይታረማል።

ዳዊት

ከፊደል በኋላ ዋናው መማሪያ መዝሙረ ዳዊት ነው። 150ው መዝሙራት በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተደጋገሙ ይነበባሉ። ልጁ የሚያነበውን ገና አይተረጉመውም፤ ጆሮው ግን የእግዚአብሔርን ስሞች ይለምዳል። ዳዊትን ያደረሰ ሰው ለጸሎት በሳምንት ከፍሎ ይደግመዋል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይከተላሉ።

አዲስ መርሐ ግብር ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ክፍፍል እንዳለ የሚወሰድ ሀብት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የግእዙ ዳዊት አቈጣጠር የሰባ ሊቃናትን ትርጉም፣ ማለትም ጥንታዊውን የግሪክ ትርጉም፣ ይከተላል፤ ስለዚህ በብዛት ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ቁጥር ይቀንሳል። «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» በግእዙ 22ኛ መዝሙር ነው፤ በእንግሊዝኛው 23ኛ። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች መምህሩ ከግእዝ፣ ልጁ ከእንግሊዝኛ ሲያነቡ ሁለቱ በማይገናኙ ገጾች ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱንም ቁጥር በመርሐ ግብሩ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል።

ማታ ማታ መጽሐፍ ሳይያዝ የሚሰጠው የቃል ትምህርት ነው፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ። ጸሎተ ሃይማኖት የኒቅያው ጉባኤ በ325 ዓ.ም. የደነገገው የእምነት አንቀጽ ነው፤ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚናገረው ክፍል ተስፋፍቶበታል። በቃሉ የያዘው ልጅ ስለ ባሕርየ እግዚአብሔር የሚያስፈልገው የመመዘኛ ቃል ሁሉ በአፉ አለ።

ቅዳሴ፣ ዜማ፣ ቅኔ

በቅዳሴ ቤት 14ቱ ቅዳሴያት ይጠናሉ። ሁሉም ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ይናገራሉ፤ በተለይ ቅዳሴ ኤጲፋንዮስ የሚከፈተው የእግዚአብሔርን ታላቅነትና ቅድስና በማወደስ ነው። ለወጣቶች ክፍል ከዚህ የተሻለ ንባብ ማግኘት ይቸግራል።

በዜማው ቤት ትምህርቱ ወደ ድምፅ ይገባል። የቅዱስ ያሬድ ሦስቱ ዜማዎች ግእዝ ለአብ፣ ዕዝል ለወልድ፣ አራራይ ለመንፈስ ቅዱስ ይሰጣሉ። ሦስት ሲሆኑ ዜማው አንድ ነው፤ ተማሪው ይህን እያዜመ ያውቀዋል። በቅኔ ቤት ደግሞ የቅኔው ስም ራሱ ዳዊትን ያስታውሳል፦ ዘአምላኪየ «አምላኪየ አምላኪየ» ከሚለው 62ኛው መዝሙር፣ ሚ በዝኁ ከ3ኛው መዝሙር መነሻ ተወስደዋል። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በሰምና ወርቅ መሥራት የለመደ አእምሮ በኋላ መጽሐፍ ሲተረጉም ከፊደሉ በስተጀርባ ያለውን ምሥጢር ለመፈለግ አይቸገርም።

ጉባኤ ቤት፦ እግዚአብሔር ይተኛልን?

የትርጓሜው ትምህርት በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። እዚህ ላይ ባሕርየ እግዚአብሔር በግልጽ ይመረመራል። አካሄዱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 77ኛው መዝሙር «ወተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃህ እምንዋም» ይላል፤ እግዚአብሔር ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ተነሣ። 120ኛው መዝሙር ደግሞ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም፣ አያንቀላፋም ይላል። ተማሪው ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማል። ዳዊት የተናገረው በሰው ልማድ ነው፤ እግዚአብሔር በትዕግሥቱ ዝም ሲል ለሰው የተኛ ይመስለዋል። አንድም ስለ ትንሣኤ የተነገረ ነው፤ በሥጋ ሞቶ መነሣቱን ያሳያል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥቅስ የትንሣኤ ምስባክ (ከወንጌል በፊት በዜማ የሚሰበክ የዳዊት ጥቅስ) ያደረገችው በዚሁ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። መምህሩ ባሕርዩን አስቀድሞ ይይዛል፤ እንቅልፍና ድካም ለእግዚአብሔር ባሕርይ አይስማሙም። ከዚያ ንባቡን በዚያ ይፈታል። ስለ እግዚአብሔር ዐይን፣ እጅ፣ መጸጸትና ቁጣ የሚናገሩ ንባባት ሁሉ በዚሁ መንገድ ይተረጎማሉ። ይህን ያልተማረ የሕፃናት መምህር «እግዚአብሔር ተጸጸተ» የሚለውን የኦሪት ዘፍጥረት ንባብ ሲያነብ ልጆቹ «ተሳስቶ ነበር እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል፤ መልስ የለውም።

ከጉባኤ ቤት ውጭ ያለው ምእመን ይህን የሚማረው በሥነ ፍጥረትና በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ነው። ሥነ ፍጥረቱ 22 ነው፦ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ 4። በአርምሞ (በዝምታ)፣ በነቢብ (በቃል) እና በገቢር (በሥራ) መፈጠራቸው ሲነገር ልጁ ስለ ፍጥረት የተማረ ይመስለዋል፤ ዋናው ግን የፈጣሪው ሁሉን ቻይነትና ለሰው ያለው ፍቅር ነው፤ ሰው በገቢር፣ በእጁ፣ በመጨረሻ ተፈጠረ። ቀጥለው ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባንና ትንሣኤ ሙታን ይመጣሉ።

ምሥጢረ ሥላሴ ላይ ስሕተት የሚበዛው በምሳሌ ነው። አባቶች የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት፣ ወይም ልብን፣ ቃልንና እስትንፋስን መስለው ያስተምራሉ። ምሳሌው ግን ወሰን አለው፦ ክበቡና ሙቀቱ የፀሐይ ገጽታዎች ናቸው፤ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ግን እያንዳንዳቸው ፍጹም አካል አላቸው። በስም፣ በግብር፣ በአካል ሦስት፤ በባሕርይ፣ በህልውና፣ በመለኮት አንድ። ወሰኑ ምሳሌው በተሰጠበት በዚያው ሰዓት መነገር አለበት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ከተቀጠረ የቀረ ልጅ ምሳሌውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። በሳይንስ ክፍል የተማሩት ውሃ፣ በረዶና እንፋሎት ደግሞ ጨርሶ መቅረት አለበት። አንዱ ባሕርይ በየጊዜው መልክ ይለዋውጣል የሚለው የሰባልዮስ ክህደት ነውና።

ለአጥቢያ ክፍል ሲዘጋጅ

በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ክፍል የአብነትን ጥልቀት ሊሸከም አይችልም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ሊወስድ ይችላል። ለአንድ የባሕርይ ስም ሦስት ሳምንት መስጠት የሚሠራ መጠን ነው፦ በመጀመሪያው ቃሉ በመዝሙር ወይም በጸሎት ይያዛል፣ በሁለተኛው ይተረጎማል፣ በሦስተኛው በታሪክና በሥርዓተ አምልኮ ይታያል። በዓመት 36 ሳምንት ቢገኝ 12 ስሞች ይሆናሉ። ከዚህ በላይ የተጨናነቀ መርሐ ግብር እስከ ግንቦት አይደርስም። ከሰዓቱ 10 ደቂቃው ለጸሎት፣ 15ቱ ለቅጸላ (መምህሩን እየተከተሉ በቃል ለመያዝ)፣ 20ው ለትርጓሜ፣ የቀረው ለልጆቹ ጥያቄ ይሁን። የጥያቄው ጊዜ ሲቀነስ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል።

ስሞቹን ከውጭ ከተዘጋጀ ዝርዝር መገልበጥ አያስፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቈጣጠር ራሱ አከፋፍሏቸዋል። ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ናቸው፤ እግዚአብሔር ብርሃንም እረኛም መሆኑ በቅደም ተከተል ይመጣል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ስምንት ሰንበታት አሏቸው። ዘወረደ ትሕትናውን ያስተምራል፤ ቅድስት «ቅድሳት ወዕበየ ስብሐት» በሚለው የ95ኛው መዝሙር ምስባክ ቅድስናውን፤ ምኩራብ ለቤቱ ያለውን ቅንዓት፤ መፃጉዕ 38 ዓመት በአልጋ ለተኛው ሰው ያሳየውን ምሕረት፤ ደብረ ዘይት ፈራጅነቱን፤ ገብር ኄር መክሊት ሰጥቶ የሚቆጣጠር መሆኑን፤ ኒቆዲሞስ በዳግም ልደት የሚሰጠውን ልጅነት፤ ሆሣዕና በአህያ የሚመጣውን ንጉሥ። ምስባክ ሦስት መስመር ስለሆነ ሕፃን በአንድ ሳምንት ይይዘዋል፤ እሑድ ዲያቆኑ ሲሰብከው ሰምቶ ፊቱ ይበራል።

መፃጉዕና ደብረ ዘይት ተከታትለው መምጣታቸው በራሱ ትምህርት ነው። ምሕረትን ብቻ የተማረ ልጅ ኃጢአትን ይንቃል፤ ፍርድን ብቻ የተማረ ደግሞ ከንስሐ ይሸሻል። በመርሐ ግብር ላይ ሁለቱን በተለያየ ዓመት ማስቀመጥ ትልቅ ጉዳት ነው።

በኢትዮጵያ መደበኛ ትምህርት ቤት ላላቸው አጥቢያዎች ሕጉ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሃይማኖቱ ትምህርት በሰንበት ትምህርት ቤትና በአብነት ቤት ይሰጣል፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አይደባለቅም።

በውጭ አገር ዋናው ችግር ቋንቋ ነው። ማብራሪያውን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ መስጠት ግድ ነው፤ ስሞቹን ግን በግእዝ ማቆየት ይገባል። ከሃሊ፣ መሐሪ፣ ቅዱስ፣ ኄር የሚሉትን በቅዳሴ ሲሰማቸው ካላወቃቸው የክፍሉ ትምህርትና የቤተ መቅደሱ ጸሎት ይለያዩበታል።

ምዘናውም ከአብነት ቤት ሊወሰድ ይችላል። የአብነት ተማሪ የያዘውን ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። «የእግዚአብሔርን ባሕርያት ዘርዝር» የሚል የጽሑፍ ፈተና ሸምዳጁን ብቻ ይሸልማል። ይልቅ ልጁ አቡነ ዘበሰማያትን ቆሞ ያድርስ፤ ከዚያ «ኃይል የሚለው የት ላይ ነው? ይቅር በለን ስንል ምን ዓይነት አምላክ እየለመንን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ከራሱ ጸሎት ይወጣል።