ሪፈረንስ ምንድን ነው? ኮፒ ነው እንዴ?

ሪፈረንስ የሚባለው ሠዓሊ ሲሥል እያየ የሚያመሳክረው ፎቶ ወይም ሌላ መረጃ ነው። ሰሞኑን አንድ ሰው የመንዝ ጓሳን ቀይ ቀበሮ በታብሌት የሣለችን ልጅ «ሪፈረንስ አይታ ነው የሠራችው፣ ስለዚህ ኮፒ ነው» ብሎ ሥራዋን ሲያጣጥል አየሁ። ሌላው ደግሞ ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ ታችኛው ሌየር (የሥዕል ንብርብር) ላይ አስቀምጦ፣ ኦፓሲቲውን ቀንሶ (ፎቶውን አደብዝዞ)፣ መስመር በመስመር ከላዩ ከሄደበት በኋላ «ሪፈረንስ ተጠቅሜ ነው» አለ። የሁለቱም ስህተት አንድ ነው። ሪፈረንስ የሚገለበጥ ፎቶ ይመስላቸዋል። ደብረ ብርሃን ላይ እንስሳ መሣል የጀመሩ ልጆች በዚህ ወሬ ሲሸማቀቁ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሪፈረንስ ምስክር ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ሠዓሊው ነው። ዳኛ ምስክር የሚሰማው ጥያቄ ይዞ ነው። የጭላዳ አፍንጫ ቀዳዳ የት ጋ ነው? ጣቱ ምን ያህል አጭር ነው? የአውራው ጎፈር ከትከሻው ላይ እንዴት ይወርዳል? መልሱን ደግሞ ከአንድ ምስክር ብቻ አይቀበልም። ከጎን የተነሳውን፣ ከፊት የተነሳውን፣ ተቀምጦ ሣር የሚነጨውን፣ ፀሐይ ላይ ያለውን፣ ጉም ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰምቶ ያመዛዝናል። ከዚያ የሚወጣው ሥዕል ከየትኛውም ፎቶ ላይ አይገኝም። ፎቶውን ከላዩ የሄደበት ሰው ግን ምስክሩን የዳኛው ወንበር ላይ አስቀምጦታል።

ምስክር ደግሞ ይሳሳታል። ስልክ አስጠግታችሁ ያነሳችሁት በግ አፍንጫው ያብጣል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከሩቅ የተነሳው ደግሞ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። (ይህን የሚያመጣው በካሜራውና በእንስሳው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ሌንሱ አይደለም። ብዙ ሰው ይህንንም ያሳስታል።) ቀለሙንም ዝም ብላችሁ አትመኑት። የስልክ ካሜራ ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። በከለር ፒከር ከፎቶው ላይ ቀለም እየለቀማችሁ ከቀባችሁ፣ የቀባችሁት የካሜራውን ግምት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ከሌላ አገር የተጠራው ምስክር ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀይ ቀበሮ ብሎ የሚፈልግ ልጅ የአውሮፓው ይመጣለታል። ያንን አይቶ ይሥላል፤ ከኋላው የመንዝን ጓሳ ሣር ይጨምርበታል፤ «የኛ ቀበሮ» ብሎ ይለጥፋል። የአውሮፓው ጭራ ጫፉ ነጭ ነው፤ እግሮቹ ወደ ታች ጥቁር ናቸው፤ የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቁልቁል ይጠባል። የእኛው ለተኩላ የሚቀርብ ሌላ እንስሳ ነው። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል፣ ብሌኑ ክብ፣ ጉሮሮው ነጭ ነው። የጭራው ጫፍ ደግሞ ጥቁር ነው። በዓለም ላይ ከ500 ብዙም ያልዘለለ እንስሳ ነው። ቢያንስ ጭራውን እንኳ አናሳስትበት።

ጭላዳም ላይ እንዲሁ ነው። የሰሜን ተራሮች ጭላዳና የእኛው የሰሜን ሸዋው በተመራማሪዎች ዘንድ እንደ ሁለት ንዑስ ዝርያ ነው የሚታዩት። የጓሳን እሥላለሁ የሚል ሰው ፎቶው የት እንደተነሳ ይጠይቅ።

«በግ ጠብቄ ነው ያደግሁት፣ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?» ያለኝም አለ። እሺ፣ የበግ ብሌን ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? አግድም የተኛ ስንጥቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከበግ ጋር የኖረ ሰው ግን ክብ አድርጎ ይሥለዋል። ፈረስም ላይ ይኸው ነው የሆነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ የፊት እግሩን ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው አየር ላይ ያንሳፍፉት ነበር። ፈረስ ሳያዩ የቀሩ ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1878 ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በተከታታይ ፎቶ ሲያነሳው፣ አራቱም ኮቴ ከመሬት የሚለቀው እግሮቹ ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ እንደሆነ ታየ። ዓይን ፈጣኑን ነገር አይዝም። ማስታወስ ደግሞ የጎደለውን በልማድ ይሞላል።

ሪፈረንስ ፎቶ ብቻም አይደለም። ያቺ ልጅ ቀበሮውን ጭላዳዎች መሃል አድርጋ ነበር የሣለችው። ያው ተቺ «አውሬና ጭላዳ አብሮ አይውልም» አላት። ጓሳ ላይ ግን ይውላል። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው፤ ጭላዳዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ሲያዩት አይሸሹም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ እዚያው ጓሳ ላይ ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ፣ ያለ እነሱ ሲያድን ግን 25 በመቶ እንደሚሳካለት አሳይቷል። እሷ ይህን አንብባ ነው የሣለችው። ንባቡም ሪፈረንሷ ነው።

ትሬስ ማድረግ፣ ማለትም ፎቶን ከላዩ መስመር በመስመር መሄድ፣ ኃጢአት ነው አልልም። እጅ ለማፍታታት ይጠቅማል። ግን ትሬስ ነው በሉት፤ ከሸጣችሁት ደግሞ ፎቶውን ያነሳውን ሰው አስፈቅዱ። ለጀማሪ የምመክረው ሥራ ይህ ነው። ፎቶዎቹን ሸራው ላይ ሳይሆን ከጎን አስቀምጡ። መጀመሪያ አጥንቱን ፈልጉ፤ ትከሻው የት እንደሚታጠፍ፣ ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ። ፀጉሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ፎቶዎቹን ሁሉ ዝጉና ያንኑ እንስሳ በሌላ አቋም ሣሉት። እጃችሁ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ፎቶዎቹ ተመለሱ።