የማይራራ ልጅና ጭንቀት፦ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ?

«ይሄ ልጅ አንጀት የለውም» የሚባሉ ወጣቶች አሉ። የሰው ለቅሶ አይነካቸውም፤ አጥፍተው አይጸጸቱም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5፣ ይህን ራሱን የቻለ ሕመም አላደረገውም፤ በከባድ የጠባይ ችግር ምርመራ ላይ የሚታከል መግለጫ ነው። ጸጸት ማጣት፣ ለሰው አለማዘን፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ውጤት ግድ ማጣት፣ የስሜት መደንዘዝ፦ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ለ12 ወራት፣ በተለያየ ቦታና ግንኙነት መታየት አለባቸው። አንድ ቀን እህቱን ገፍትሮ የሳቀ ልጅ እዚህ አይገባም።

ግራ የሚያጋባው ጭንቀት ሲጨመርበት ነው። ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ይለያሉ፤ ሐሳቡን ቤን ካርፕማን የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. አንስቶት ነበር። አንደኛው ልጅ ጭንቀት እምብዛም አያውቅም፤ ቁጣም አያስደነግጠው፤ የዘር ውርስ ድርሻው ከፍ ያለ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሁለተኛው ግን ውስጡ ጭንቀት የሞላበት ነው። ታሪኩ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ድብደባ፣ ጥቃት ወይም ችላ መባል ይገኝበታል። የራሱን ሕመም ላለመስማት ስሜቱን ሲዘጋ የሌላውም ሕመም አብሮ ይዘጋበታል ይላሉ። ከውጭ ሲያዩዋቸው አይለዩም፤ ስለዚህ «ከተጨነቀማ ጨካኝ አይደለም» የሚለው ግምት አያስኬድም። መከራ ያየ ልጅ ሁሉ ይጨክናል ማለትም አይደለም፤ አብዛኞቹ አይጨክኑም።

መለየቱ የሚጠቅመው ለሕክምናው ነው። ለሁለተኛው የደረሰበት ጉዳት ራሱ መታከም አለበት። ለመጀመሪያው ከቅጣት ይልቅ የወላጅ ፍቅርና መልካም ሲሠራ መሸለም ይመከራል። ዱላ፣ በእኔ እምነት፣ ለአንዳቸውም አይሆንም።